በስምህ የተቀዳ ውኃ

ታዴዬ የእኔ፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። ጣራው የሚያፈስበትን ጥግ ወንድምህ መጥቶ ደፈነልን። ከመንገዱ ማዶ የነበረው ሜዳ ኮንዶሚኒየም ሆኗል፤ የፋብሪካው ሰርቪስ ግን ዛሬም አንተ የምትሳፈርበት ቦታ ይቆማል። ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ፊደል ስለቅም ትስቅብኝ ነበር። ይኸው በዚያው ፊደል እጽፍልሃለሁ፤ ግራ የገባኝን ነገር ከአንተ ሌላ የምጠይቀው የለኝም።

ሰናይታችን ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ገብታለች። ዘንድሮ ከሚማሩት አንዱ ሰው መርዳት ነው። የተማሩትን ይዘው ወደ ሰፈር ይወጣሉ፣ ያገለግላሉ፣ ያዩትን ጽፈው ለአስተማሪው ያቀርባሉ፤ ማርክም ይያዝላቸዋል። ልጅህ እማማ ዘነበችን መረጠች። ቅዳሜ ከፈረቃ ስትወጣ ከቦኖው ውኃ እየቀዳህ ታደርስላቸው የነበሩትን። እሷም ጀሪካን ተሸክማ ሄደች፤ ውኃ እንዴት በንጽሕና እንደሚቀመጥም አሳየቻቸው።

እሳቸው ግን አንተን አስባ የመጣች መሰላቸው። ጀሪካኑ ደጃፋቸው ላይ ባረፈ ቁጥር እጃቸውን ዘርግተው ነፍስህን ይማር ይላሉ። ለምን አትነግሪያቸውም ብላት፣ «ነግሬያቸዋለሁ እኮ እማዬ። ኮርስ ነው ስላቸው፣ አሜን በይ አሉኝ» አለችኝ።

እኔ ግን አልሆነልኝም። ለማርክ በተቀዳ ውኃ የተመረቀ ምርቃት ይደርስሃል ወይስ መንገድ ላይ ይቀራል? አንተን ለዚያ ሥራ ማርክ የሰጠህ አልነበረም። ልጅቷን እንዳልወቅስ ደግሞ ትከሻዋ ተልጦ አይቻለሁ፤ ማርክ ብቻ የፈለገች ልጅ ግማሽ ጀሪካን ይበቃት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ኮርሱ አለቀ፤ ሰናይት ለፈተና ግቢ ቀረች። ቅዳሜ ጀሪካኑን እኔ ይዤ ሄድኩ፤ እውነቱን ልነግራቸው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የትምህርት ሥራ እንደነበረ፣ አስተማሪዋ እንዳዘዛቸው ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። እሳቸውም፣ «ታዲያ አስተማሪዋ ታደሰን ያውቀው ነበራ» አሉኝ።

ውኃውን እንስራቸው ውስጥ ገለበጥኩ። ነፍሱን ይማረው ሲሉ እኔም አሜን አልኩ። ልክ ይሁን ስህተት አሁንም አልለየልኝም። ቅዳሜ ሲመጣ ግን እሄዳለሁ፤ ሰናይት ከመጣች አብረን፣ ካልመጣችም ብቻዬን። ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ ስምህ እዚያ ደጃፍ ላይ ሳይጠራ አይውልም።

ያንተዋ አስካለ