የሐጀራ ፈቃድ

ውድ ወንድሜ ሙኒር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታዬ የአቃቂን አቧራ አራግፎ ጅማ ይድረስህ። እኛም ሱቁም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

አጎታችን ሀይረዲን፣ ቀበሌ «በፈቃደኝነት አዋጡ» ያላቸው ጊዜ «እምቢ የማይባልበት ምን ፈቃድ አለ?» እያሉ ሲያጉረመርሙ ሰነበቱ። ሐሙስ ደግሞ እህታችንን ሐጀራን ለባለወፍጮው ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። አጎታችን «ልጄ፣ ፈቃድሽ ነው?» አሏት። ዝም አለች። «የልጃገረድ ዝምታ ፈቃድ ነው» ብለው ዱዓ አስደረጉ። የሚኒባስ ረዳት ሁሉ ምላሷን የሚፈራት ሐጀራ እኮ ናት።

ትናንት የትምህርት መጻሕፍቷን ሰጠችኝ። «ፈተናሽስ?» ስላት «አንተ አንብባቸው» አለችኝ።

ና ብዬ አላስገድድህም። አጎታችን ግን ከቤቱ ሰው የሚሰሙት አንተን ብቻ ነው።

አላህ በሰላም ያገናኘን፤ ቢቻል ከኒካሑ በፊት።

ታናሽህ ነቢል