በቀኝ መሪ ስለመጣችው ፔጆ፣ የዐብደላ ኑርሁሴን የመጨረሻ ቃል

በአላህ ስም። እኔ ዐብደላ ኑርሁሴን፣ የጎንደር አዲስ ዓለም ነዋሪ፣ ጉበቴ ቢያልቅም አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ የካቲት 9 ቀን 2004 ዓ.ም. በምስክሮች ፊት ቃሌን አጽፋለሁ። ኢልያስ፣ ልጄ ብትሆንም ስናገር አታቋርጠኝ።

ከቀብሬ ወጪ ከሚተርፈው ሀብቴ ሲሶውን ለልጅ ልጄ ለሩቂያ ሙስዓብ ተናዝዣለሁ። አባቷ ቀድሞኝ ስለሞተ፣ አጎቷ ኢልያስ እያለ በሸሪዓው ከእኔ አትወርስም፤ ሲሶው ግን በእጄ ነው። የሚጠብቅላት እናቷ ዐዚዛ ናት። ቤቱና የአራዳው የጨርቅ ሱቅ ሲሶው ከወጣ በኋላ ለባለቤቴ ለሐዲጃ፣ ለኢልያስና ለልጄ ለሃጂራ በሸሪዓው ይከፈል። ኢልያስ፣ ፊትህን አታጥቁርብኝ።

ፔጆዋን የፈለግሁ እኔ ነኝ። ደርግ የወሰደብን የአባቴ መኪና አምሳያ ካርቱም ተገኘች ሲሉኝ እንቅልፍ አጣሁ፤ ልጄን ሙስዓብን ላክሁት። ደወለልኝ፦ «አባዬ፣ ሱዳኖች ድሮ በግራ ይነዱ ስለነበር መሪዋ በቀኝ ነው። ልተዋት?»

«አምጣት፤ እዚህ እናዞረዋለን» አልኩት። ምነው አፌን በያዘው!

ሚስቱ ዐዚዛ አክስቷን ልትጠይቅ አብራው ሄዳ ነበርና በግራ ተቀምጣ ተመለሰች። መሪው በቀኝ ሲሆን ነጂው ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና አልፎ አያይም፤ በግራ ያለው ሰው አይቶ «እለፍ» ይለዋል። ከመተማ ጀምረው እንዲያ እየተባባሉ መጡ። አይከልን እንዳለፉ፣ በዚያ አቧራ ውስጥ «እለፍ» አለችው። ከፊት አውቶቡስ ይመጣ ነበር። ሙስዓቤ እዚያው ቀረ። እሷ ሩቂያን በሆዷ ይዛ ተረፈች።

«ገዳይ» ብላችሁ ከለቅሶው ድንኳን አስወጣችኋት። ዐዚዛ ያየችውን ተናገረች እንጂ ጥፋት የለባትም። ከእንግዲህ ያንን ቃል የሚላት የእኔ ወገን አይደለም።

በግቢው ሸራ ለብሳ የቆመችው ፔጆ ተቆራርጣ ለብረት ትሸጥ። ኢልያስ ጠግኖ ለሠርግ ሊያከራያት ማሰቡን ሰምቻለሁ። ኧረ ተው! የወንድምህ ደም በፈሰሰበት ወንበር ሙሽራ ታስቀምጣለህ? ሩቂያ ወደዚህ ቤት ስትመጣ እንዳታያት። ከመጣች ነው እንግዲህ።

ይህ ሲጻፍ ሃጂራን ቁስቋም ልኬ ዐዚዛን አስጠርቻት ነበር። ፊቷን አይቼ «አፉ በይኝ» ልላት ፈልጌ ነው። ሃጂራ አሁን ብቻዋን ገባች። ዐዚዛ፣ «ከድንኳኑ ሲያስወጡኝ አባዬ የት ነበሩ? በይልኝ» ብላታለች።

እዚያው ነበርኩ። በሩ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ በፊቴ ነው ያለፈችው።

ቢሆንም ካጻፍኩት አንድ ቃል አይነሳ። አንብቡልኝና ልፈርም።

ተነቦላቸው፣ «ቃሌ ነው» ብለው አውራ ጣታቸውን አኑረዋል። በአንድነት ተገኝተን የሰማን ምስክሮች፦ ሸህ ሰዒድ ኡመር፣ አቶ አድማሴ ወልደኢየሱስ፣ አቶ ተክለ ጊዮርጊስ እንኳየሁ፣ ሐጂ ሙሐመድ አሚን። ፊርማ አለበት።