ሳላማንካና የጋራዣችን በር

ሰኔ 3
ልብስ ማጠብ፣ ማጠፍ... ባሌ ክፍሌ ስልክ ላይ ነው። እሱ ስልክ ሲያወራ ከተማችን ሲልቨር ስፕሪንግ በሙሉ ይሰማል። "ዶክተራችን ልትመጣ ነው" ይላል። ልጃችን ኤፍራታ ስፔን ውስጥ፣ ሳላማንካ የሚባል የስምንት መቶ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። የምን ዶክተር እንደምትሆን ግን ለሚደውልላቸው ሰዎች አይነግርም። ታሪክ ነው የምታጠናው። ሰው "ዶክተር" ሲባል የሚታየው መርፌ ነው። እሱም አያርማቸውም። ይሄ ውሸት አይደለም?

ሰኔ 5
ጎረቤታችን አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያን። ሽማግሌው ጋሽ ፀሐዩ የኤፍራታን ትምህርት ቤት ስም ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። "ማንካውስ እሺ፣ ሹካው የት ቀረ?" አሉ። በሳቅ ሞትኩ። ቀጥለው ስለ ጉልበታቸው ልጅቷን ሊያማክሯት እንደሚፈልጉ ነገሩን። ክፍሌን አየሁት። ጣሪያው ላይ የተሳለውን መልአክ ያያል፤ ዛሬ ገና ያየው ይመስል።

ሰኔ 9
ኤፍራታ ኮል አደረገች። ነገ ለመጨረሻው ፈተና ፕሮፌሰሮቹ ፊት ትቀርባለች። የዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት በተቀረጸው ድንጋይ መሀል፣ ራስ ቅል ላይ የተቀመጠች እንቁራሪት አለች አሉ። ያገኛት ያልፋል ይባላል። አገኘኋት አለችኝ። ድሮ ያለፈ ተማሪ ስሙ በበሬ ደም ግድግዳ ላይ ይጻፍለት ነበር። የወደቀ ደግሞ ሰው ሳያየው በጋሪዎች በር ይሾልካል። የእሷ ጥናት ስለ ሾላኮቹ ነው። አራት ዓመት ሙሉ! አባቷ ሲሰማ "ካለፉት መሀል ሰው ጠፍቶ ነው?" ብሎ ነበር።

ከዚያ ድምፅዋን ቀነሰች። "ማሚ፣ ዳዲ አንድ ቀን ስለ ሥራዬ ጠይቆኝ አያውቅም። ያፍርብኛል እንዴ?"

ኔትወርክ የለም ብዬ ዘጋሁት። እኔም ጉድ ነኝ...

ሰኔ 10
አለፈች! እልልታዬን አቀለጥኩት። ክፍሌ በላፕቶፕ ሲከታተል ነበር፤ በስፓኒሽ። አንዲት ቃል ሳትገባው ራሱን ይነቀንቃል። እንዳለቀ ስልኩን አነሳ። ዶክተር፣ ዶክተር፣ ዶክተር። "እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች" ይባላል። የሳላማንካዋ እንኳ ድንጋይ ናት፤ የእኔዋ ሶፋ ላይ ተቀምጣ እያበጠች ነው።

ሰኔ 20
የኤፍራታ የእንኳን ደህና መጣሽ ድግስ፣ የጾም። ቤቱ ጢም ብሏል። ጋሽ ፀሐዩ መድኃኒቶቻቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ልጅቷ ፊት ቁጭ ብለው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰበሰቡ። አባቷን አየችው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የጠበቀችው። እሱ ብርጭቆውን ያሽከረክራል።

"ጋሼ፣ እኔ የታሪክ ዶክተር ነኝ። መድኃኒት አላውቅም" አለች።

ጋሽ ፀሐዩ ሱሪያቸውን ቀስ ብለው መለሱ። "ታዲያ አባትሽ ምነው ደበቀን? ሰርቀሽ ነው የተማርሽው?"

ክፍሌ ለስላሳ ላምጣ ብሎ በጋራዡ ወጣ። ቀረ። ኤፍራታ ጆሮዬ ላይ "የጋሪ በር" አለችኝ። የምትስቅ መስሎኝ ዞርኩ። እያለቀሰች ነው። አንጀቴን በላችው።

ሰኔ 21
ቀትር ላይ ሰውየው ሄዶ የኤፍራታን በር አንኳኳ። ኮሪደር ላይ ቆሜ ሰማሁ (ምን ላድርግ፣ ቤቴ ነው)።

"እነዚያ የወደቁት ልጆች... በጋሪው በር ከወጡ በኋላ የት ይሄዱ ነበር?"

"አንዳንዱ ዳግም ሊፈተን ይመለሳል" አለችው።

ምሳው ቀዘቀዘ። አልጠራኋቸውም።

ሐምሌ 2
ኤችኦኤ፣ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ኢሜይል ላከብን። የጋራዡ በር ላይ ያለው ቀይ ቀለም በአስቸኳይ ይጥፋ ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ባሌ ብሩሽ ይዞ "ኤፍራታ ክፍሌ፣ የታሪክ ዶክተር" ብሎ ጽፎበታል። "የታሪክ" የሚለው ከስሟ ይበልጣል። ፊደሉ ተንሻፏል፣ ቀለሙም ወርዶ ወርዶ እውነትም በሬ የታረደበት መስሏል። ምን ልታደርግ ነው አልኩት። አላጠፋም አለ። ጎረቤት ምን ይለኛል ሲል የኖረ ሰው!

ዛሬ ፖስተኛው በሩ ላይ የተጻፈው ምን እንደሚል ጠየቀው። በመስኮት ሰማሁ። "ማይ ዶተር" አለ ክፍሌ፤ ልጄ ማለቱ ነው። "ዶክተር። ኦፍ ሂስትሪ።" የምን ሂስትሪ ቢለው ስለ ሾላኮቹ ተማሪዎች ጀመረለት። ምስኪን ፖስተኛ፣ ፖስታችንን እንደያዘ ፀሐይ ላይ ቆሞ ቀረ።