ሪባን የማይታሰርባት መኪና

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ጠዋት 2፡30

መኪና አጠብኩ። ከትናንት ወዲህ ሦስተኛዬ። የሰፈራችን የጊንጆ አቧራ ቀይ፣ መኪናዋ ነጭ። ነጭ ቀለም የመረጠላትን ሰው አንድ ቀን ባገኘው የምለው አለኝ። ሻይዬ በርዷል። ደብተሬ፣ ጠዋት ጠዋት ፊቴ እንደዚህ ነው፣ ቻይኝ።

ነገሩን ባጭሩ ልጻፍልሽ፣ በኋላ እንዳላደናግርሽ። መ/ቤቴ (አ.አ.፣ መኪና አስመጪ) አዲሷን ሞዴል ለአንድ ወር ሰጥቶ ወደ ትውልድ ከተማዬ ልኮኛል። የቅንጦት የቤት መኪና፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ መልኳ ከላይ እስከ ታች የተቀየረ። ሥራዬ የድሮዋን ሞዴል የሚነዱትን ሰዎች ጅማና ዙሪያዋ እየዞርኩ ስለ አዲሱ መልክ መጠየቅ። ቅጽ አለ። ፊቷ እንዴት ነው፣ መብራቷ፣ በሯ፣ ጣሪያዋ፣ ወንበሯ፣ ከአሥር ስንት ይሰጧታል። እኔ እጠይቃለሁ፣ እኔው እሞላለሁ።

ሥራው ካማረ ጅማ ላይ ማሳያ ክፍል ይከፈታል፣ ኃላፊዋም እኔ። ካላማረ ወሩ ሲያልቅ አ.አ.፣ ወደ ድሮው ወንበሬ። አባዬ እማዬ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። መቅረት እፈልጋለሁ። በጣም።

አባዬ በረንዳ ላይ ሆኖ መኪናዋን ያያታል። ሠላሳ ዓመት የቡና እርሻ ሾፌር የነበረ ሰው እስካሁን አንድ ቃል አልወጣውም። እኔም አልጠየቅኩትም። ቅጹ «ለባለ መኪናዎች ብቻ» ይላል፣ እሱ ደግሞ ዕድሜ ልኩን የሰው ሲነዳ ኖሮ የራሱ ብስክሌት እንኳ የለውም።

ማክሰኞ 9፤ ከሰዓት 9፡00

የጅማው መርካቶ፣ የሐጂ ሙክታር የቡና መጋዘን። ወቅቱ ነው፣ ጆንያ በጆንያ ላይ፣ ሚዛን ሲጮህ ይውላል። ቀድሜ ደውዬ አዲሷን መኪና ላሳይዎ እመጣለሁ ብያቸው ነበር። ሥራ አስቁመው ወጡ! ፊቷስ ሐጂ? ማሻ አላህ። መብራቷስ? ማሻ አላህ። በሯ? አላህ ይባርክልሽ ኢንታላ ኮ። «ልጄ» ማለታቸው ነው፣ ከአሥር ዓመት በፊትም እንዲሁ ነበር የሚሉኝ። ከአሥር ስንት ስላቸው አሥር ለምን ብቻ አሉ።

ከዚያ ሠራተኞቹን ሰብስበው እጅ ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሰባት ሰው አሚን አለ። እንዲህ ያለ የገበያ ጥናት የት ይገኛል? ደስ ብሎኝ እያፏጨሁ ተመለስኩ።

ሐሙስ 11፤ 10፡00

አጋሮ። ወ/ሮ ለይላ፣ ባለ ሆቴል፣ የድሮዋን ሞዴል ጥቁሯን የሚነዱ። በር ላይ ሳልደርስ እልል! ሁለት ሴቶች ፈንዲሻ በሰፌድ ይዘው ወጡ፣ ከኮፈኑ እስከ ጣሪያው በተኑባት። ሁሉም ነገር አሥር። አንዱን ጥያቄ ሳልጨርስ መልሱ ይቀድመኛል። ስለ ጣሪያው መስታወት ስጠይቃቸው ሽቅብ አይተው «ሰማይሽን ያስፋልሽ» አሉኝ፤ አሥር ብዬ ጻፍኩ።

ፈንዲሻው የዝናብ መጥረጊያው ሥር ገብቶ እስከ ጅማ ሲንኳኳ መጣ። ለአቶ ብሩክ (ሥራ አስኪያጄ፣ አ.አ.) ሁለቱን ቅጾች በቴሌግራም ላክሁ። አውራ ጣት መለሰ። ሦስት አውራ ጣት። ይሄ ሰውዬ ለማንም ሦስት ልኮ አያውቅም።

ቅዳሜ 13፤ 11፡30

ወይ ጉዴ።

ሊሙ ገነት ሄድኩ፣ ኦቦ ገመቹ ጋ። የቡና አትክልታቸው ትልቅ፣ ሰውየው ዝምተኛ፣ አባዬን ከእርሻው ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል። እሸቱ ቡና የማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ቀልቷል፤ በመሐሉ መርተው አስገቡኝና መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞሯት። ሁሉም ጥሩ፣ ሁሉም አሥር። ቅጹን ለአቶ ብሩክ በስልክ ልኬ አጠፍኩ። ያኔ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ ዝግ ብለው፦

«አባትሽ የሰው መኪና ሲያጥብ ነው የማውቀው። ዛሬ ልጁ የራሷን ይዛ ልታስመርቅ መጣች። ረቢ ይመስገን።»

የራሷን! ደብተሬ፣ የኔ መስላቸዋለች። ለሦስቱም። እዚህ አገር አዲስ መኪና የገዛ ሰው ለትልልቆቹ ወስዶ ያሳያል፣ ትልልቆቹም ይመርቃሉ። «አዲሷን መኪና ላሳይዎ» ብዬ የደወልኩት እኔ ነኝ! እዚሁ ተወልጄ፣ አምስት ዓመት አ.አ. ተቀምጬ ረሳሁት። ማን ነው በሰው አዲስ ንብረት ላይ እንከን የሚያወጣ? ክፉ ዓይን ይሆናል። ሐጂ «ፊቷ አላማረኝም» ከሚሉ ምላሳቸውን ቢነክሱ ይመርጣሉ። የያዝኩት አስተያየት አይደለም፤ ሦስት ገጽ ምርቃት ነው።

ይባስ ብሎ ለኦቦ ገመቹ እውነቱን አልነገርኳቸውም። አንድ ደቂቃ ያህል የኔ ሆና ነበር፣ ደስ አለኝ። ተመስገን ብዬ መሪ ጨበጥኩ። አሁን ፊቴ ይቃጠላል።

እሁድ 14፤ ከሰዓት 9፡00

ለአባዬ ነገርኩት። ሳቀ፣ ሳቀ፣ እስኪያስለው ሳቀ። እማዬ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም፣ ስለዚህ መናደድ አቃተኝ። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ በባጃጅ ሂጂና እንደገና ጠይቂያቸው አለኝ። ሰው ፊት ለፊቱ የቆመችውን መኪናሽን አያማም፣ የኩባንያ መኪና መሆኗን ሲያውቅ ግን አፉን ይከፍታል።

አቶ ብሩክ ደግሞ ጻፈልኝ። ሦስቱ ቅጽ ግሩም ነው፣ በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ይቀርባል፣ የጅማው ነገር አለቀ በይው። አለቀ በይው! ዝም ብል ማን ያውቃል? አባዬና አንቺ ብቻ።

እስከ ምሳ ድረስ ዝም ልል ነበር። እውነቴን ነው።

ሰኞ 15፤ 8፡00

ጾም ገባ። በባጃጅ መርካቶ። ፎቶዎቹ ስልኬ ላይ። ሐጂ ሙክታርን ይቅርታ ጠየቅኋቸው፣ መኪናዋ የኔ አይደለችም፣ ሠራተኛ ነኝ አልኳቸው። መጀመሪያ ኩርፊያ። ያ ሁሉ ዱዓ ለኩባንያ ነው እንዴ? ዱዓው ለኔው ነው፣ አይባክንም አልኩ። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወንበር ሳቡ።

«ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም? ወላሂ ሳምንቱን ሙሉ ሆዴን ቆርጦኛል!»

ጎርፍ ነው የወረደብኝ። ፊት አላት፣ አፍ ግን የላትም። የድሮዋ ፍርግርግ የት ሄደ? ለኤሌክትሪክ አያስፈልግም አልኩ፤ ለዓይን ያስፈልጋል አሉ። የበሩ እጀታ ወደ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ በሩን እየዳሰሰ ይቁም? ጣሪያው መስታወት፣ የሐጂ ራስ መላጣ፣ የቀትር ፀሐይ የማንም ወዳጅ አይደለም። እየሳቅኩ ጻፍኩ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ ዋናው ነገር መጣ።

ሪባን የት ይታሰራል?

አልገባኝም ነበር። አስረዱኝ። ጅማ ላይ እንዲህ ያለች መኪና የገዛ ሰው የሰፈሩን ሙሽሮች ሁሉ ተረክቧል። አይለምኑትም፣ ቀኑን ይነግሩታል እንጂ። የሐጂ መኪና ያላደረሰችው ሙሽራ በሄርማታ ሰፈር የለም፣ የፊት ፍርግርጓ ኒኬል በሪባን ቋጠሮ ተፍቋል። አዲሷ ልሙጥ ናት፣ እንደ እንቁላል። የእህታቸው ልጅ የፊታችን እሁድ ታገባለች፣ አሁን ይቺን ቢገዙ ምን ላይ ያስራሉ? በፕላስተር ይለጠፋል አልኩ። ያዩኝን አስተያየት አልጽፈውም። ሙሽራ ቁስለኛ ናት እንዴ አሉኝ።

ከአሥር አራት።

ሐሙስ 18፤ 11፡00

አጋሮ፣ በሚኒባስ። ወ/ሮ ለይላ እውነቱን ሲሰሙ ፈንዲሻዬን መልሺ አሉኝ። ከዚያ እሳቸውም ጀመሩ። ነጭ ወንበር በቡና ወቅት፣ ማን አጥቦት? የኋላው ጣሪያ ተንሸራቶ ወርዷል፣ ሻሿን ከፍ አድርጋ ያሰረች ሴት አንገቷን ሰብራ ልትገባ ነው? ግን የኋላው መብራት፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀይ መስመር፣ እሱን ወደዱት። ፎቶውን ደጋግመው አዩት። ሲመሽ ከፊቴ ብትሄድ እሷን ተከትዬ አገር እዞራለሁ አሉ። ከልባቸው ነው፣ ያስታውቃል፤ ማንም ሲመርቅ እንዲህ አይልም። ስድስት።

ኦቦ ገመቹን በስልክ። እንደማፍር ነገርኳቸው። ከዚያ፣ ሆዷ መሬት ይነካል፣ መልኳ ለሊሙ መንገድ አልተሠራም፣ አምስት። አከሉበትም፦ የራስሽ የምትሆነውም ቀን ይመጣል፣ ያኔ እንደገና እመርቃለሁ። ስልኩን ዘግቼ ሚኒባሱ ውስጥ አፍንጫዬን ጠረግኩ።

ሁለቱም ሳልጠይቃቸው የሪባኑን ነገር አነሱ። ሁለቱም!

ዓርብ 19፤ 6፡30

አቶ ብሩክ ደወለ። አዲሶቹን ሦስት ቅጾች እንደማዘጋጅ ነግሬው ነበር። አልጮኸም፣ እሱ አይጮህም። ማን ሁለተኛ ጠይቂ አለሽ? የመጀመሪያዎቹ አሉን፣ ያምራሉ። የሪባን ወሬ ስብሰባ ላይ ይዘን ብንገባ ይሳቅብናል። እስከ ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ፈርመሽ ላኪ፣ በቃ ጅማሽን ትወስጃለሽ።

ንጹሕ መኪና እንደገና አጠብኩ።

ቅዳሜ 20፤ 5፡00

ምን ሆነ መሰለሽ! ጠዋት ስነሳ አባዬ መኪናዋ ጋ ነው። በአውራ ጣቱ ኮፈኑን ዳር ዳሩን እየዳሰሰ። ክፈቺልኝ አለ። ከፈትኩ። ሞተር የለም፣ ባዶ የዕቃ መጫኛ፣ ዙሪያውን ወፍራም ጎማ። ተንጠራርቶ የራሴን ሻሽ ከአናቴ ገፈፈኝ! አንዱን ጫፍ ቋጠረ፣ ቋጠሮውን ወደ ውስጥ አድርጎ ኮፈኑን ዘጋ። ጎማው ያዘው። ሌላውን ጫፍ እስከ ስፖኪዮ ወጠረው። ሳበ። እኔም ሳብኩ። ንቅንቅ የለም።

የእርሻው ሥራ አስኪያጅ መኪናም ፊቷ ልሙጥ ነበር አለ፤ የሠራተኛ ልጆች ሲያገቡ ሪባኑን በኮፈን ነበር የማስይዘው።

ለሐጂ ደወልኩ። ነገ ትምጣ አሉ፣ አስበው ሳይጨርሱ። መኪናዋ ለዕይታ ነው የተሰጠችኝ፣ ከሰርግ የበለጠ ዕይታ ካለ መ/ቤቴ ይንገረኝ።

ከዚያ አባዬ ጎንበስ ብሎ ጎማ እያየ፣ ሁሉንም ስትጠይቂ እኔን ግን አልጠየቅሽኝም አለ። ቅሬታ አልነበረበትም፣ እሱ ነው የባሰብኝ። ቅጽ አመጣሁ። «ለባለ መኪናዎች ብቻ» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዝኩት። መነጽሩን አደረገና ራሴ እሞላዋለሁ ብሎ በረንዳው ላይ እስከ ምሳ ተቀመጠ። ፈተና እንደያዘ ተማሪ በክንዱ እየሸፈነ።

እሁድ 21፤ 11፡30

አባዬ ነዳ። ክራቫት አድርጎ! ነጭና ወርቃማ ሪባን ከኮፈኑ ወጥቶ ወደ ሁለቱ ስፖኪዮ፣ መሐሉ ላይ አበባ። የሐጂ አሮጌዋ ከኋላ ተከተለች። መርካቶን ስናልፍ ባጃጆች ጥሩንባ በጥሩንባ፣ ሰው ሁሉ አስተያየት ሰጪ። ዓሣ ትመስላለች፣ አይ ብረት ምጣድ፣ አይ ታምራለች። ማንም ቅጽ አልያዘም፣ ማንም አልመረቀም። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ሙሽራዋ በሩ ላይ እጀታ ፍለጋ ሂና ባለው እጇ ስትዳስስ አባዬ ወርዶ ከፈተላት። እጀታው ቢደበቅ ሾፌሩ አልተደበቀም አላት። ድንኳኑ ውስጥ ለእኛ የጾም ለብቻ ተዘጋጅቶ ጠበቀን። ሐጂ ከምሳ በኋላ መጥተው መኪናዋ ፊት ቆሙ፣ ብዙ ቆዩ። አራቷን ሰባት አድርጊያት አሉ። እጀታውን ግን አልተውኩም፣ ጻፊ።

ሰኞ 22፤ ጠዋት 2፡45

መኪና አላጠብኩም። የሰርጉ አበባ ቅጠል ኮፈኑ ላይ አለ፣ ይቆይ።

ሁለቱንም ክምር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ላይ «እነዚህ ምርቃት ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። ሌሎቹ ላይ «እነዚህ አስተያየት ናቸው»። የሪባኑን ፎቶ ጨመርኩ። ጅማን ካልሰጡኝ አ.አ. እመለሳለሁ፣ አልቅሼ እመለሳለሁ፣ ግን ሐጂ ያላሉትን አሉ ብዬ አይደለም እዚህ የምቀመጠው። ነገ መርካቶ ሳልፍ ዓይናቸውን ማየት አለብኝ።

የአባዬን ቅጽ ገና አሁን አነበብኩት። የመኪና ዓይነት፦ የለኝም። የነዱበት ዘመን፦ ሠላሳ ዓመት። ፊቷ፦ ይለመዳል። እጀታው፦ መጥፎ። ወንበሯ፦ ከኋላ ተቀምጬ አላውቅም፣ ዛሬ ሞከርኩት ጥሩ ነው። እንዲህ እያለ ይወርዳል፣ በዚያ በሾፌር ጽሑፉ። መጨረሻ ላይ ይህን መኪና ለወዳጅዎ ይመክራሉ ወይ የሚል አለ። ቀስ ብሎ ነው የጻፈው፣ ቀለሙ ይታያል፦

«ሻጯ ልጄ ከሆነች አዎ። ጉድለቱን ቀድማ ትነግራችኋለች።»

ሰባቱንም ላክሁ።