ማንን እንደሚደግፉ ሳይናገሩ ያለፉት የኳስ አስረጂ

ሁላችሁም «ጋሽ ለምን» እያላችሁ የምትጠሯቸው ታላቅ ወንድሜ፣ ከሃዲድ ጠጋኝ አባታቸውና ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈታይ እናታቸው፣ በ1947 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የሠራተኞች ሰፈር ተወለዱ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነበረች። በአንደኛዋ መስኮት የባቡሩ መጋዘን፣ በሌላኛዋ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ይታያል። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች የየራሳቸው የኳስ ቡድን እንዳላቸው፣ ከተማውም «ባቡር» እና «ፋብሪካ» ተብሎ ለሁለት እንደተከፈለ የማያውቅ እዚህ የለም። ከትናንት ጀምሮ ሁለቱም ወገኖች ስካርፍ ይዛችሁ «የኛ ናቸው፣ የአስከሬን ሣጥኑን እናልብስ» እያላችሁ ስትመላለሱ ነበር። መልሱን ከዚህ የሕይወት ታሪካቸው ንባብ ለመስማት የመጣችሁ ብዙ እንደሆናችሁም አውቃለሁ። እባካችሁ ታገሱኝ።

አባታችን ባቡር፣ እናታችን ፋብሪካ ነበሩ። ሁለቱ ቡድኖች በተገናኙ ቀን አባታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው፣ እናታችን ወደ በሩ አዙረው ይቀመጡና ወንድሜ ከመሀል ይቀራሉ። አባታችን «ለመሆኑ አንተ የማን ነህ?» ሲሏቸው እናታችን ጆሯቸውን ያቆማሉ። ወንድሜም «እኔ የዳኛው ነኝ» ይሉ ነበር። ቤቱ ይስቃል፣ ኩርፊያው ይበርዳል። ከዚያ አዝራርና የጠርሙስ ክዳን ጠረጴዛው ላይ ደርድረው፣ የተሸነፈው ለምን እንደተሸነፈ ለተሸነፈው ወላጅ ያስረዳሉ። እኔ ታናሻቸው ግን አልቀናኝም። የአባቴ ወገን መሆኔን ገና በጠዋቱ ለፍልፌ እናቴን አስቀይሜያለሁ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ሰፈር ከጨረሱ በኋላ በመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው ለጥቂት ዓመታት ጂኦግራፊ አስተማሩ። በ1972 ዓ.ም. በሬዲዮ ጣቢያው ስፖርት ክፍል ተቀጠሩና «ለምን?» የተባለውን የእሑድ ከሰዓት ፕሮግራም ጀመሩ። «ኳሱ የት እንዳለ ሌላው ይነግራችኋል፤ እኔ ለምን እዚያ እንደደረሰ ልንገራችሁ» በማለት ነበር የሚከፍቱት። ድምፃቸውን የማያውቅ ሰው በዚህ ከተማ አልነበረም፤ መልካቸውን የሚያውቅ ግን ከሰፈራቸው ውጪ ከስንት አንድ ነው።

ኦፍሳይድ የመጣው አጥቂ በሩ ሥር ተገትሮ ኳስ እንዳይጠብቅ መሆኑን፣ ቀድሞ ከአጥቂው ፊት ሦስት ተጋጣሚ መኖር እንደነበረበት፣ ሕጉ ወደ ሁለት ሲወርድ ጎል እንደበዛ ያስረዱን እሳቸው ናቸው። በሩ መረብ ባልነበረው ዘመን «ገብቷል፣ አልገባም» እየተባለ ሰው ይጣላ እንደነበር የነገሩን እሳቸው ናቸው። የባቡር ደጋፊ ጨዋታ ሳይጀመር ለምን እንደሚያፏጭ፣ የፋብሪካ ደጋፊ ለምን ከዕረፍት በኋላ ብቻ እንደሚዘፍን (ፈረቃ ተለውጦ ሠራተኛው የሚደርሰው ያኔ ስለነበረ ነው) አያቶቻችን የሠሩትን ሥራ እያነሱ ይተርኩልን ነበር። ከሁሉ በላይ ግን «ኳስ የሌለውን ሰው እዩት» ማለት ይወዱ ነበር። ተከላካዩን ጎትቶ ለጓደኛው ቦታ የሚከፍተውን፣ ሮጦ ሮጦ ኳስ ሳይነካ የሚወጣውን፣ ማንም የማያጨበጭብለትን ሰው ማለታቸው ነው።

ይህን ሁሉ ሲያስረዱ የማን ደጋፊ እንደሆኑ ትንፍሽ አላሉም። ቢናገሩ የከተማው ግማሽ እንደማያምናቸው ያውቁ ነበር። የባቡር ቀለም ቀይ፣ የፋብሪካ ሰማያዊ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ግራጫ ኮት ለበሱ። ስቴዲየም ውስጥ በመስታወት የተከለለች ጠባብ ክፍል ነበረቻቸው። ሁለተኛው ወንበር ላይ ኮታቸውን ያስቀምጡበታል እንጂ ሰው አያስቀምጡበትም፤ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ፊታቸውን ያነብባላ! እኔ እህታቸው አንድ ቀን ልግባ ብዬ ለምኜ «አንቺ ደግሞ ወሬ አይበረክትልሽም» ብለው መልሰውኛል። እውነታቸውን ነው፤ ግን እስከ ዛሬ ያመኛል።

በ1976 ዓ.ም. የመድኃኒት ቤት ባለሙያ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ትዳራቸው የሠመረ ነበር። ሆኖም ባለቤታቸው «ይህ ሰው ሲተኛ ምን እንደሚያልም ሁሉ አውቃለሁ፤ ጎል ሲገባ ምን እንደሚሰማው ግን አላውቅም» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቀልዱ ውስጥ ቅሬታ እንደነበረበት ለእኔ ነግረውኛል። ይህን ሳያውቁ ከእሳቸው ቀድመው አረፉ። ወንድሜ በቀብራቸው ማግስት ብቻቸውን ከግድግዳው ፊት ተቀምጠው «ለእሷ እንኳ ብነግራት ምን ነበር?» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ስለዚያ የዋንጫ ፍጻሜ ሳላነሳ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። ባቡርና ፋብሪካ ተገናኝተው፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጎል ገባ፤ በዚያች ቅጽበት የጋሽ ለምን ድምፅ ከሬዲዮ ጠፋ። ስንቱ ሰው ሬዲዮኑን በመዳፉ መታ! ድምፃቸው ሲመለስ፣ ግራ ተከላካዩ ለምን ቦታውን እንደለቀቀ በእርጋታ ያስረዱ ጀመር። ያ ዝምታ ደስታ ነው ወይስ ሐዘን እየተባለ ከተማው ዓመት ተከራከረ። እሳቸው «ሽቦ ተነቅሎ ነው» አሉ። የጣቢያውን ቴክኒሻን ጠይቄያለሁ፤ የተነቀለ ሽቦ አልነበረም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ብቸኝነቱ ባሰ። ጨዋታ ወደሚታይበት ሻይ ቤት ሲገቡ ጫጫታው ጸጥ ይላል፣ ሁሉም ስክሪኑን ትቶ ወደ እሳቸው ይዞራል፣ «ጋሼ፣ ይቺን እንዴት አዩዋት?» ይባላል። ሰው እሳቸውን ያዳምጣል እንጂ አብሯቸው አያይም። ከዚያ መሄዱን ተዉት። ቤታቸው ውስጥ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግተው፣ ሁለት ወንበር አስቀምጠው፣ ብቻቸውን ያዩ ነበር። አልፎ አልፎ ብቅ ስል ለባዶው ወንበር ሲያስረዱ አግኝቻቸዋለሁ። አንጀቴን በሉኝ፤ ግን እኔም ብቀመጥ ያስረዱኝ ጀመር፣ አመል ሆኖባቸው።

ባለፈው ዓመት በገጠማቸው የጉሮሮ ሕመም ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ድምፃቸውን አጡ። በመጨረሻው ወር ሆስፒታል ሲገቡ፣ አጠገባቸው ባለው አልጋ እግራቸው የተሰበረ አንድ ፀጉር አስተካካይ ተኝተው ነበር። ከሌላ ከተማ የመጡ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ አፋቸው የማያርፍ ሰው ናቸው። ወንድሜን አላወቋቸውም። በምን ያውቋቸዋል? ድምፅ የለ! እኔ ልናገር ስል ወንድሜ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

ግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን ባቡርና ፋብሪካ ሊጫወቱ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩም፣ እዘኑላቸው፣ ለወንድሜ ኳስ ያስረዱ ጀመር። «ጋሼ፣ ኦፍሳይድ ማለት አጥቂው በረኛውን ለብቻው ሲያገኘው ነው። ብቻውን ያለን ሰው ማጥቃት ነውር ነው ተብሎ ተከለከለ» አሏቸው። እኔ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ። ወንድሜ ግን ዓይናቸውን ከሰውየው ሳይነቅሉ «እህ» እንደሚል ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የማዕዘን ምት የሚሰጠው ለደከመው ቡድን ማረፊያ እንዲሆን ነው ተባሉ፤ ነቀነቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስረዱ የኖሩ ሰው፣ አንድም ትክክል ነገር በሌለበት ማብራሪያ እንደዚያ ሲደሰቱ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ጎል ገባ። ወንድሜ ከትራሳቸው ተነሡ። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ጮኹ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ። ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሲያዩ እጃቸውን ያዙና «ይጩኹ ጋሼ! ካቃተዎት እኔ ልጩህልዎት!» ብለው፣ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ባልሆኑበት ጎል ነርሷ ሮጣ እስክትመጣ ድረስ ጮኹላቸው። ወንድሜም እጃቸውን ሳይለቁ ወደ እኔ ዞረው ሳቁ፣ ጣታቸውንም መልሰው ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ልጃቸውና እኔ አጠገባቸው እያለን፣ በሰላም አረፉ። አንዲት ሴት ልጅ፣ አንዲት የልጅ ልጅና እኔን እህታቸውን ትተው አልፈዋል።

እንግዲህ ጎሉ የማን እንደነበረ አውቃለሁ። ወሬ አይበረክትልሽም የተባልኩት እኔ፣ ይህን አልናገርም። ስካርፋችሁን አንገታችሁ ላይ አኑሩ፤ ሣጥኑ ላይ ያለው ግራጫ ኮታቸው ይበቃቸዋል። በክራንች ተደግፈው ከኋላ የቆሙት ሰው፣ ኦፍሳይድን ለማን ሲያስረዱ እንደነበር ገና አሁን እየሰሙ ነው። አይፈሩ፣ ወንድሜ። ወደ ፊት ይምጡልኝ፤ ከሣጥኑ አጠገብ ያለው ቦታ የእርስዎ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን መስታወት በማይከልልበት፣ ከሰው መሀል፣ እንደ ልባቸው በሚጮኹበት ቦታ ያሳርፍልን።