የእባብ መድኃኒት አልነበረንም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ በሥራዬ ላይ ተመታሁ። ጠዋት አንድ ገበሬ ማሽላ ማሳ ውስጥ እባብ የነደፋትን ሚስቱን ተሸክሞ ጤና ጣቢያችን ደረሰ። መድኃኒቱ ካለቀ ወር አልፎታል። «ወንድሜ፣ እኛ ጋ የለም፤ ቶሎ ቆቦ ሆስፒታል ውሰዳት» አልኩት።

«ከሌላችሁ ነጭ ለብሳችሁ ለምን ትቀመጣላችሁ!» ብሎ በዱላው ትከሻዬን መታኝ። አዛውንቱ ዘበኛችን ጋሽ ሞላ መሃላችን ገቡ። ሴትዮዋ ቆቦ ሳትደርስ ባጃጅ ውስጥ አረፈች።

ከቀብር መልስ ሽማግሌዎች መጡ። «ልጄ፣ ሐዘንተኛ ነው፤ ማሪው» አሉኝ። ማርኩት። እንዴት ልጥላው?

ኃላፊያችንን «መድኃኒቱ መቼ ይመጣል?» አልኩት።

«ጠይቀናል።»

«ተጨማሪ ጥበቃስ?»

«እሱንም ጠይቀናል» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

ነገም ተረኛዋ እኔው ነኝ። «የለም» የምለው ለማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።