እጄን ያልጫንኩበት ወንጌል

ማክሰኞ

የአያ ሞላ ክምር ተቃጠለ። የዓመት ጤፋቸው፣ ገና ያልተወቃ። ጠዋት አመዱ ላይ ቁጭ ብለው አየኋቸው። አያለቅሱም፤ በእጃቸው እየፈተጉ የተረፈ ፍሬ ይፈልጋሉ። እኔም ከሰው ጋር ሄጄ “እግዜር ያጥናዎት” ብዬ ተመለስኩ። ምላሴ አለመያዙ!

ማን እንዳቃጠለው አውቃለሁ እኮ። ትናንት ሲመሻሽ ከብት ላስገባ ወጥቼ ወንድሜ አንለይ ጄሪካን ይዞ ከአውድማው ሲሮጥ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እማዬም አጥሩ ሥር ቆማ አይታለች። ከአያ ሞላ ጋር በእርሻ ወሰን ከተጣሉ ጀምሮ “አሳያቸዋለሁ” ሲል ነበር። ይኸው አሳያቸው።

እማዬ የአንለይን ጋቢ አጥባ እያሰጣች “ሆድ ይፍጀው” አለችኝ። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ረቡዕ

ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ጠሩ። ዓርብ ሾላው ሥር፣ ሴት ወንድ ሳይባል፣ የመንደሩ ሰው ተራ በተራ ወንጌል ላይ እጁን ጭኖ፣ ብሸሽግ እንዲህ ያርገኝ ብሎ ራሱን ረግሞ ያየውን ሊናገር።

ወሬው ዘውዱ ላይ አርፏል። አምና ከአያ ሞላ ቤት ተጣልቶ የወጣ ሠራተኛ ነው፤ ዘመድ የለው፣ ጠያቂ የለው። “እሱ እንጂ ሌላ ማን ይሆናል?” ይላሉ። ሚስቱ ውኃ ስትቀዳ ማንም አላናገራትም። እኔም አላናገርኳት።

በማኅበር ወንጌል የማነብላቸው እኔ ነኝ። ረቡዕ ዓርብ እጾማለሁ። ሰው አላማም (ትንሽ አማለሁ)። ይህ ሁሉ ቀላል ነበር ለካ። ሐሰት አትመስክር የሚለው ግን አንለይ ድረስ እንደሚመጣ መች አሰብኩ?

ሐሙስ

መውጫው ተገኘ! መጽሐፉ ጭራሹን አትማሉ ይላል። ስንቴ አንብቤዋለሁ። በቃ፣ አልምልም ብዬ አርፌ እቀመጣለሁ፤ ሆዴም ይፈጀዋል፣ ወንጌልም አይሻርም። ደስ ብሎኝ ወደ ንስሐ አባቴ ሮጥኩ። ያየሁትን ግን አልነገርኳቸውም።

“ልክ ነሽ ልጄ፣ አትማሉ ይላል” አሉኝ። “ከዚያስ?”

ከዚያማ አዎን ያላችሁት አዎን፣ አይደለም ያላችሁት አይደለም ይሁን ነው የሚለው።

“ግማሹን ብቻ የሚቀበሉትን ወንጌል እኔም ፈልጌ አላገኘሁም” አሉና መቋሚያቸውን አንሥተው ሄዱ። የማያውቁ መስሎኝ ነበር፤ እንጃ።

ማታ አንለይን “ዘውዱ ቢታሰርስ?” አልኩት። “ዘውዱ ምኔ ነው?” አለኝ። ይህን ልጅ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር አሉ።

ዓርብ

ሾላው ሥር ተሰበሰብን።

እማዬ ከእኔ በፊት ተጠራች። እጇን ጫነች። “አንዳች አላየሁም። አይቼ ብሸሽግ ዘሬ ይጥፋ” አለች። ድምፅዋ እንኳ አልተሰበረም። ዘሯ እኔና አንለይ ነን፤ ሌላ የላትም።

ከዚያ እኔ። ብናገር አንለይን ብቻ አይደለም፣ እናቴንም በሰው ፊት ማዋረዴ ነው። ዘውዱ ሁለት ጎረምሶች መሐል ተቀምጦ መሬቱን ያያል። ትንሿ ልጁ ጉልበቱ ላይ ተኝታለች።

“አልምልም” አልኩ። ሰዉ ተንጫጫ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ “ምን ደብቀሽ ነው የማትምይው?” አሉኝ።

“መጽሐፉ አትማሉ ስለሚል ነው፣ አባቴ። ያየሁትን ግን እናገራለሁ። አንለይ ነው።”

አንለይ አልሸሸም፣ አልካደም። እኔን እኔን ብቻ ሲያየኝ ቆየ። ወደ ቡሬ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት። አያ ሞላ አንገታቸውን ደፉ። ዘውዱም ልጁን ታቅፎ ሄደ።

ቅዳሜ

ስንቅ ይዤ ቡሬ ወረድኩ። ፖሊሱ ይዞ ገባና መልሶ አመጣው። “ከሷ እጅ አልበላም ብሏል።” ሰኞ ወደ ፍኖተ ሰላም እስር ቤት ያሻግሩታል አሉ። እንጀራውን ጋሪ ላይ አቅፌው ተመለስኩ፤ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

ልክ ነበርኩ እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። አንጀቴ አልሰማኝም። መታዘዝ ሰላም ይሰጣል ብዬ ለሰው ስሰብክ አላፍርም ነበር። ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆኗል፤ ለቀስተኛ ብቻ የለውም።

እሑድ

ቅዳሴ ስንሄድ እማዬ ከፊት ከፊቴ ሄደች። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ስትደርስ ቆመች። ግንቡን ተሳለመችና ከውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ሳበች።

“አንቺ ግቢ” አለችኝ። ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። “እኔ እጄን ጭኜ ዋሽቻለሁ።”

“ንስሐ አለ እኮ፣ እማዬ።”

“ዘሬን ረግሜ?”

ያን ሁሉ ዓመት ሳነብ የኖርኩት ሁሉ ጠፋኝ። ከውስጥ ቄሱ ወንጌል ማንበብ ጀመሩ፤ ድምፁ እስከ በሩ ይሰማል። እማዬ ድንጋዩን ተደግፋ ተነሥታ ቆመች። እኔም አልገባሁም፤ አጠገቧ ቆምኩ። ትከሻዬ ትከሻዋን ነካው። አልሸሸችም።